ተመልሶ የማይፈታ ኮላ

ጋሽ ክፍሌ ማረፋቸውን የሰማሁት የማስታምማቸውን ጣሊያናዊት አሮጊት፣ የሲኞራዬን እግር እያጠብኩ ነው። ስልኬ ሁለቴ ጠራ። እጄ እርጥብ ስለነበር አላነሣሁትም። በሦስተኛው ሲኞራዬ ራሳቸው «አንሺው እንጂ፣ ሰው ሞቶ ይሆናል» አሉኝ። ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ስልክ በጠራ ቁጥር የሚሉት ይህንኑ ነው። ያን ቀን እውነት ሆነላቸው። የደወለችው እዚሁ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው ሕንጻ በር ጠባቂ፣ ሲኞራ ኢኔስ ነበረች።

«ጥሩወርቅ፣ አጎትሽ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ» አለችኝ።

አጎቴ አልነበሩም። ይህንን ስንት ዓመት ነግሬያታለሁ። «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ»፣ እሺ እሺ ትለኝና በሚቀጥለው ሳምንት «አጎትሽ ምድር ቤት ናቸው» ብላ ትቀበለኛለች። ያን ዕለት አላረምኳትም። አማትቤ ነፍስ ይማር አልኩና የሲኞራዬን እግር አደረቅኩ፤ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር። ማልቀስ ነበረብኝ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ዕንባም ጉልበት ይፈልጋል።

ጋሽ ክፍሌ የአሮጌ መኪና ክሩስኮት የሚያድኑ ሰው ነበሩ። ክሩስኮት ማለቴ ከመሪው ፊት ያለው፣ የፍጥነት መቁጠሪያውና ሰዓቱ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። ሞተር አይነኩም፤ «ሞተር ብዙ ሐኪም አለው» ይላሉ። ወደ እሳቸው የሚመጡት አሮጌ መኪና እንደ ልጅ የሚንከባከቡ ጣሊያኖች ናቸው። የተሰነጠቀ እንጨት፣ መስታወቱ የጨለመ መቁጠሪያ፣ የዛገ ቀለበት በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡና የሚሠሩባት ምድር ቤት በር ላይ ቆመው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ይድናል ወይስ ይጣል? ሌሎቹ ጠጋኞች ሥራ እንዳያመልጣቸው ሁሉንም ይድናል ይላሉ። ጋሽ ክፍሌ «አይድንም» ማለት የሚችሉ ሰው ስለነበሩ «ይድናል» ሲሉ ሰው ያምናቸው ነበር። ያላቸው ነገር ቢኖር ያ ቃላቸው ነው። ሲሞቱም አንድ መልስ ሳይሰጡ ሄዱና መልሱ እኔ ላይ ወደቀ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ፣ ሙት ሳልወቅስ ልመልሰው የማልችለው መልስ።

የተዋወቅነው በደረጃ ነው። እኔ እንግዲህ ፊሶ ነኝ፤ ሲኞራዬ ቤት ውዬ አድራለሁ። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የእኔ ናቸው። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሙስን ደግሞ ያኔ ቶር ፒኛታራ ያለውን የዚያን ሕንጻ ደረጃ አጥብበት ነበር። አንድ ሐሙስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መወልወያዬን ይዤ ስዞር፣ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሽማግሌ እንጨት በሁለት እጃቸው ይዘው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘነብሉታል፣ ያቃኑታል፣ እንደገና ያዘነብሉታል።

«እህት፣ ሐበሻ ነሽ አይደል?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«በምን ዐወቁ?»

«ደረጃ እያጠበ የሚጸልይ ሌላ ማን አለ? ነይ እስቲ፣ ዓይንሽን አውሺኝ።»

ዓይናቸው ከዳር ዳር እየጨለመ ነበር። ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አላቸው። እሳቸው «ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ ነው የማያት» ይሉ ነበር። እንጨቱን ሰጡኝ። ራዲካ የሚሉት ነው፤ ከዛፍ ሥር ተቆርጦ እንደ ወረቀት ሳስቶ በሌላ እንጨት ላይ የሚለጠፍ፣ መልኩ ጉራማይሌ።

«ምን ይታይሻል?»

«ቆንጆ እንጨት ነው።»

«ቆንጆ ለሙሽራ ነው። ምን ይታይሻል አልኩሽ።»

አፍሬ ጎንበስ አልኩ። ቀኝ ጥግ ላይ ጥላ አለ አልኳቸው። ጥላው ወዴት ይሄዳል? ወደ ቀዳዳው። ቀጥ ብሎ ነው ወይስ እየዞረ? እየዞረ። በጥፍሬ መታ መታ አድርጌ ድምፁን እንድነግራቸው አዘዙኝ። ጥጉ ላይ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል አልኩ። «ልጣፉ ተነሥቷል» አሉና እፎይ አሉ። «ውኃ ገብቶበታል። ታሟል እንጂ አልሞተም። ይድናል።» ከዚያ መወልወያዬን አንሥተው ራሳቸው ሰጡኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ደረጃዬን ስጨርስ ሳላስበው ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

ሦስት ዓመት ወረድኩ። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካፌ የምንገናኝ የአገሬ እህቶች «ጥሩወርቅ ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የምትጠፊው? ባል አገኘሽ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። «አሮጌ መኪና ነው ያገኘሁት» እላቸዋለሁ። «እሱማ ከባል ይሻላል፣ ቢያንስ ይሸጣል» ብላ አንዷ ሁሉንም አሳቀቻቸው።

ምድር ቤቷ ጠባብ ናት፤ እግረኛ መንገዱ ላይ የሚከፈት አንድ መስኮት አላት። ጥግ ላይ ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ድስት ሌላ ሙቅ ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ ተቀምጦ ይሞቃል። ኮላ ነው፤ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ፣ የድሮ አናጢዎች ኮላ። ሽታው ሰኮና እንደመቀቀል ነው።

«ጋሼ፣ በሑዳዴ ይህንን ማሽተት ራሱ ያስገድፋል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አሽትተሽ ከገደፍሽ የንስሓ አባትሽን እኔ ጋ ላኪያቸው፣ ድስቱን ይባርኩልኛል።»

እሳቸው ብዙም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አልነበሩም። «ከዓመቱ የማትጾሚበት ቀን የትኛው ነው? ንገሪኝና በቀይ ላስምርበት» እያሉ ይቀልዱብኛል። ስለ ኮላው ሲናገሩ ግን ሰባኪ ይሆናሉ። ይህ ኮላ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ሌላ ሰው መጥቶ ልፈታው ቢል እንጨቱን ሳይቀድ ይፈታዋል። «መጠገንማ ማንም ይጠግናል» ይሉኝ ነበር። «የጠገንሽው ነገር ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ሰው ይፈታለታል ወይ? እሱን ጠይቂ። የማይፈታ ከሆነ ጥገና አይደለም፤ ቀብር ነው።»

ያጠፋሁትንም ልናገር። አንድ ሐሙስ ዓይናቸውን ሊታዩ ሄደው ቀድሜያቸው ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ ከእድፉ ብዛት የጠቆረ ክብ የፍጥነት መቁጠሪያ ተቀምጧል። እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የሲኞራዬን ብር ዕቃ እንደማጸዳው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ አሞኒያ አድርጌ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት። አማረ። ጨርቄን ልጨምቅ ስገለብጠው ከአርባ እስከ ሰማንያ ያለው ቁጥር በሙሉ ጨርቄ ላይ ተገልብጦ ታተመ። መቁጠሪያው ላይ ነጭ ባዶ ቀረ። እኔ በእጄ የምኖር ሴት ነኝ፤ ጽዳት አጥፍቼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ክፍሌ ሲገቡ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ቆምኩ። ተቀብለው አውራ ጣታቸውን አንሸራተቱበት።

«በምን አጠብሽው?»

«በአሞኒያ።»

«ጸዳ?»

«ጸዳ።»

«እንግዲህ ሮም ውስጥ ካለው መቁጠሪያ ሁሉ ንጹሑ ይኸው ነው» ብለው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና «እድፍ ሁሉ ጠላት አይደለም፣ ጥሩዬ። አንዳንዱ ቁጥሩን ይዞ ነው የቆመው። ከማጠብሽ በፊት ምን እንደያዘ ጠይቂው» አሉኝ።

ባለቤቱ ሲመጣ «ዓይኔ ነው ያጠፋው» አሉት። ሰውዬው አዝኖ፣ ሽማግሌውን ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ሄደ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ «ጋሼ፣ ስለ እኔ ዋሹ» አልኳቸው።

«አልዋሸሁም። ዓይኔ አንቺ ነሽ። ዓይኔ አጠፋ አልኩት። የቱ ላይ ነው ውሸቱ?»

ይህን ለንስሓ አባቴ ስነግራቸው እሳቸውም ሳቁ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድናገር አዘዙኝ።

ትእዛዙ የከበደኝ በጥቅምት ነው። አንዲት ሴት የሟች አባቷን መኪና ክሩስኮት ይዛ መጣች። መኪናውን ሊሸጡት ነው፤ ክሩስኮቱ ከዳነ ዋጋ አለው፣ ካልዳነ መኪናው ለብረት ይሄዳል። ጋሽ ክፍሌ እንጨቱን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ዳሰሱት። በጥፍር መቱት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ባዶ ነው። እዚህም ባዶ ነው። ይህንን የነካው ማን ነው? ሁለት ቱቦ ተደባልቆ በሚቀባው በፈጣኑ ኮላ ነው የለጠፈው። እንጨቱ በፀሐይ ልንቀሳቀስ ሲል ኮላው አልለቅም አለው፤ ተቀደደ። ቸኳይ! ለእንጨቱ ሳይሆን ለሰዓቱ የሠራ ሰው ነው።» ወደ ሴትዮዋ ዞረው በጣሊያንኛ «ሲኞራ፣ የአባትሽ ክሩስኮት ጥሩ ነበር። የጠገነው ሰው ገደለው። አይድንም» አሏት።

እሳቸው ይህንን ሲሉ እኔ እንጨቱን ገልብጬ ጀርባውን በመብራት እያየሁ ነበር። ጋሽ ክፍሌ ሥራ ሲጨርሱ ጀርባው ላይ በእርሳስ ስማቸውንና ዕለቱን የመጻፍ ልማድ ነበራቸው፤ ዕለቱንም እንደኛ ወግ በታቦቱ ነው የሚጠሩት። ጣሊያኖቹ ጌጥ ይመስላቸዋል። እንጨቱ ጀርባ ላይ በደህና እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ክፍሌ። በሚካኤል ዕለት ተፈጸመ።»

ሴትዮዋ እንጨቱን «ጣሉት» ብላ ሄደች። እኔ እንጨቱን ጀርባውን ወደ ታች አድርጌ አስቀመጥኩት። ድስቱን አጠብኩ። ወለሉን ጠረግኩ፤ ደግሜ ጠረግኩ። ሽማግሌ የሚያሳዝነውን ነገር መደበቅ የእለት እንጀራዬ ነው። ሲኞራዬ በየጠዋቱ «ልጄ ደወለ?» ይሉኛል፤ «ደውሎ ነበር፣ ተኝተው ነው» እላለሁ። አልደወለም። ይህንንም ስለ ምሕረት ብዬ ይቅርታ እየለመንኩበት እኖራለሁ። ለጋሽ ክፍሌም እንዲሁ ላድርግ አልኩ። ምን ጎደለ? እንጨቱ እንደሆነ ይጣላል።

ኮቴን ለብሼ እስከ በሩ ደረስኩ። ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ።»

«ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው። መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። እጃቸውን ዘረጉ፤ እንጨቱን ሰጠኋቸው፤ ቀስ ብለው እንደ ሕፃን ጀርባ ዳበሱት። የእርሳስ ጽሑፍ በጣት አይታወቅም፤ ግን ዳበሱት።

«የየትኛው ወር ሚካኤል?»

«ወሩን አልጻፉም።»

«አዎ። ያን ዓመት ወር አልጽፍም ነበር።» እንጨቱን ጭናቸው ላይ መልሰው አስተኙት። «አስካለ ሆስፒታል የነበረችበት ዓመት ነው። ጠያቂ የሚያስገቡት በፈረንጅ ሰዓት ከአራት እስከ ስድስት ነው። የድስቱ ኮላ ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ሙቀቱን ሲጠብቅለት ነው የሚይዘው። ፈጣኑ በአንድ ሰዓት ይይዛል። በየቀኑ ከእንጨቱ ጊዜ ሰርቄ ለእሷ እወስድ ነበር።»

አስካለ ባለቤታቸው ነበሩ። እኔ ሳላውቃቸው ያረፉ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ይህንን እግዚአብሔር ያውቀዋል» አልኩ።

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። ባለ መኪናዎቹ ናቸው የማያውቁት።»

ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አወጡ። የዚያን ዓመት ሥራ ገጽ ፈልጌ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ስሞቹ በአማርኛ ፊደል ተጽፈዋል፤ በስም ያልያዟቸውን በምልክት ነው የመዘገቧቸው፦ «ባለ ውሻው»፣ «ሚስቱ የምትቆጣው»፣ «ፋውስቶ ረጅሙ»። አሥራ አንድ ነበሩ።

«ደውዪላቸው።»

«ምን ልበላቸው?»

«ክፍሌ የሠራልዎት ሥራ ጥሩ አይደለም፤ ይመልሱለት በይ።»

የዚያን ክረምት ሐሙሶች በስልክ አለቁ። እኔ እደውላለሁ፤ እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ባለ ውሻው ሞቷል። አንዱ መኪናውን ከሸጠ ቆይቷል። ሚስቱ የምትቆጣው ሰው ጋ ሚስቱ ራሷ አነሣችና «ከስንት ዓመት በኋላ አጥፍቻለሁ ብሎ የሚደውል ምን ዓይነት ሌባ ነው?» ብላ ጮኸች። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ድምጿ ለሰለሰና «ደህና ናቸው ሽማግሌው?» አለችኝ። ሌላው ደግሞ «የእኔ ክሩስኮት ፍጹም ነው፣ በየእሑዱ አጸዳዋለሁ» አለ።

«ይሰነጠቃል በይው» አሉኝ ጋሽ ክፍሌ።

«ጋሼ፣ ደህና ነው እያለ እኮ ነው።»

«እስኪሰነጠቅ ሁሉም ደህና ነው። በይው።»

አልኩት። ዘጋብኝ። አራት ሰዎች ዕቃቸውን አመጡ። ሁለቱን፣ ኮላው በደንብ ያልያዘባቸውን ቦታዎች ፈልገው፣ እኔ ዓይን እሳቸው እጅ ሆነን ስንጥቁን በሙቅ ቢላዋ እያስለቀቅን፣ ሦስት ሦስት ሐሙስ ፈጀብን፣ አዳንናቸው። ሁለቱን አይድኑም ብለው ለባለቤቶቹ ራሳቸው ተናገሩ፤ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። የማታውቀውን ሰው ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚያደክም ያኔ አየሁ። ማታ ወደ ትራሙ ስሸኛቸው ክንዴ ላይ ይከብዱ ነበር። «ደከምኩ፣ ጥሩዬ» ይሉኛል፤ «ግን ከመተኛቴ በፊት መድከሜ ጥሩ ነው።»

መጨረሻ የቀረው ፋውስቶ ረጅሙ ነበር። ስልኩ አይነሣም፤ ለካ ልጁ ጋ ሌላ አገር ከርሟል። ሲመለስ መልእክታችንን ሰምቶ ክሩስኮቱን አምጥቶ ለኢኔስ ሰጣት። ያን ጊዜ ጋሽ ክፍሌ በልባቸው ምክንያት ሆስፒታል ገብተው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄጄ ነገርኳቸው። «መጣ?» አሉና ፈገግ አሉ። «ሐሙስ እናየዋለን። ለራሱ እኔ ነኝ የምነግረው።» ሐሙስን አላዩም። ረቡዕ ጠዋት ነው ኢኔስ የደወለችልኝ።

ፍትሐት ተደረገላቸው። ልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ስለ እጃቸው ያወራ ነበር፤ የነካው ሁሉ ይድናል፣ በሥራው የሚታማ ሰው አልነበረም ይባባላሉ። እውነት ነው እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ዐርባቸው ገና ነው። በእኛ አገር ዐርባው ያልወጣ ሰው ክፉ ሥራው አይነሣም፤ ወጥቶም አይነሣም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ወደ ምድር ቤቷ ወረድኩ። ድስቱ ቀዝቅዞ ኮላው እንደ ቀይ መስታወት ደርቋል። የፋውስቶን እንጨት ከጨርቁ አወጣሁት። ወደ መስኮቱ ወስጄ አዘነበልኩት፤ አቃናሁት። ከሰዓቱ ቀዳዳ እስከ ግራው ጥግ ጥላ ሄዷል፣ እየዞረ። በጥፍሬ መታሁት። ባዶ። ቢላዋውን አሙቄ ከጫፉ ሞከርኩ፤ አልለቀቀም፣ ራዲካው ተቀደደ። ከሌላው ጫፍ ሞከርኩ። ያው ነው። ይድናል ለማለት የሚሆን አንዲት ጣት ቦታ ፈለግኩ፤ ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ። የለም።

ለሲኞር ፋውስቶ ደወልኩ። ማንነቴን ሳልናገር «ሰማሁ፣ ሰማሁ፣ ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው» አለኝ። «በሮም ቀጥተኛው ሰው እሱ ብቻ ነበር። አሎራ፣ እንግዲህ የእኔን ሳያየው ሄደ። እኔማ ጥፋቱ የጋራዤ ይመስለኛል። ጋራዤ እርጥበት አለው። እሱ ይሆናል ያበላሸው፣ አይደለም?»

መውጫውን ራሱ ከፈተልኝ። አዎ፣ እርጥበቱ ነው ብል በቃ። ሰውዬው ያምነኛል፤ ጋሽ ክፍሌ ስማቸው እንደተሸፈነ ያርፋሉ፤ እኔም ከሙት ወቃሽነት እድናለሁ። ግን ያን ክረምት በሙሉ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው የተቀመጡት ለዚህ አልነበረም። ባርኔጣ አውልቀው የቆሙት ለዚህ አልነበረም። ዝም ካልኩ፣ ንስሓቸውን እኔ በአንድ ቃል ሰረቅኳቸው ማለት ነው።

«እርጥበቱ አይደለም፣ ሲኞር ፋውስቶ» አልኩት። «አቶ ክፍሌ ናቸው። ያን ዓመት የማይፈታ ኮላ ተጠቅመዋል። ተጸጽተው ራሳቸው ሊነግሩዎት ፈልገው ነበር፤ አልደረሱም። እንጨቱ አይድንም።»

መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች እግር በመስኮቱ ይታየኛል።

«አይድንም ያለው ማን ነው?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ነበር የፈለገው።

እሳቸው ናቸው ብል ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ይህንን እንጨት እጃቸው ሊፈርድበት አልዳሰሰውም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «በብርሃን አይቼዋለሁ፣ በእጄም ሞክሬዋለሁ። ጥሩወርቅ እባላለሁ።»

እስኪ ስምሽን ደግመሽ ንገሪኝ፣ ልጻፈው አለኝ። ፊደል በፊደል ነገርኩት።